ጆሮ የሚስተው፣ እጅ የሚያውቀው

ኤሌክትሪክ ጊታርን ከሌሎች ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚለየው ዋነኛ ጠባይ፣ ገዢው ከመደብር ይዞት የሚወጣው ዕቃ ብቻውን ሙሉ መሣሪያ አለመሆኑ ነው። ክራር ወይም ክላሲካል ጊታር የገዛ ሰው ድምፁንም አብሮ ገዝቷል፤ የክሩ ንዝረት በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ጎልቶ ስለሚወጣ፣ ዕቃው ደህና ይሁን አይሁን እዚያው ባንኮኒው ፊት ይታወቃል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን እንጨት ስለሆነ ካልተሰካ በቀር ድምፁ ከክፍሉ በር አያልፍም፤ ተሰክቶ የሚሰማው ድምፅም ክሩ፣ ፒክአፑ፣ ገመዱ፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በአንድነት የሚሠሩት ነው። በመሆኑም አዲስ የተገዛ ኤሌክትሪክ ጊታር በመጀመሪያው ሰዓት የሚያሳድረው ስሜት ከጊታሩ ይልቅ በዙሪያው ስላሉት ነገሮች የሚመሰክርበት ጊዜ ይበዛል፤ ጆሮ በዚያ ሰዓት የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ ሊጠየቅበት የሚገባ ሲሆን፣ እጅ የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙውን ጊዜ ይጸናል።

ፒክአፕ የሚባለው ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ክፍል፣ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲርገበገብ መስኩን ያናውጠዋል፤ የተናወጠ መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳይቷል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የናይለን ክር የተወጠረበት ጊታር ለዚህ ዓይነቱ ፒክአፕ ዝም ያለ ዕቃ የሚሆነውም ናይለን ማግኔትን ስለማያናውጥ ነው። በዚህ መርሕ ተሠርተው ገበያ ላይ ከተሳካላቸው ጊታሮች ቀዳሚው በ1932 በካሊፎርኒያ ለሽያጭ የቀረበው፣ ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር የሠሩት፣ በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ የአሉሚኒየም ጊታር ሲሆን፣ አካሉ ክብ፣ አንገቱም ረጅም በመሆኑ ሰዎች መጥበሻ የሚል ቅጽል አወጡለት። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን ቅርጽ ያስያዘው ግን በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ ሆኖም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌካስተርን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሥራውን የመራው የጠጋኝ ሰው አስተሳሰብ እንደነበረ ከዕቃዎቹ አሠራር መረዳት ይቻላል። አንገቱን ከአካሉ ጋር በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በአራት ብሎን አሰረው፤ የተበላሸ አንገት ተፈትቶ በሌላ እንዲተካ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ፌንደር ጨርሶ ያላሰበው ሌላ ጥቅም አለው። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ አንገቱንና አካሉን ለየብቻ በልብስ ከጠቀለለ፣ ጊታሩ በትልቅ ሻንጣ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው ሻንጣ በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ሲከፈት የሚታየው ነገር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ወጣቱ ገዢ መፍቻውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ ዕቃውን ያመጡት አክስት ለዚህ እንጨት ሲባል ስንት ጥንድ ጫማ ከሻንጣው እንደወጣ እየቆጠሩ ቡናቸውን ይጠጣሉ፤ ታናናሾቹ በአካሉ ፊት ላይ የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ማን እንደሚልጠው ይጣላሉ። አንገቱ ተገጥሞ፣ ክሮቹ ተወጥረው፣ በስልክ ላይ በተጫነ ቲዩነር ተቃኝተው የመጀመሪያው ኮርድ ሲመታ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ሁለተኛው ሲመታ ግን አንድ ነገር እንደተበላሸ የሙዚቃ ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ጭምር ያውቃሉ።

የተበላሸው ቅኝቱ ነው። አዲስ ክር ሲወጠር መሳብ ይቀጥላል፤ በመቃኛው ቁልፍ ላይ የተጠመጠመው ክፍልም ቀስ በቀስ እየጠበቀ ስለሚሄድ፣ ድምፁ በየደቂቃው ዝቅ ይላል። ልምድ ያለው ሰው እያንዳንዱን ክር በጣቱ ከፍ አድርጎ ደጋግሞ በመሳብና እንደገና በመቃኘት ይህን መረጋጋት ያፋጥነዋል። ከስድስቱ ክሮች ይበልጥ አስቸጋሪው ሶል የሚቃኘው ሦስተኛው ክር ነው፤ ሽቦ ካልተጠመጠመባቸው ሦስት ክሮች ወፍራሙ እርሱ በመሆኑ፣ ነት በሚባለው፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን በየቦታቸው በሚይዘው ባለ ስንጥቅ ዘንግ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይያዛል። ቁልፉ ሲዞር ድምፁ ምንም ሳይለወጥ ይቆይና፣ ከነቱ ዘንድ ቀጭን ጠቅታ ተሰምቶ ክሩ በአንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ዘሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የተቀረጸ እርሳስ ጫፍ በስንጥቁ ውስጥ ሲመላለስበት የሚተወው ጥቁር ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል። ገዢው ይህን ባለማወቅ የመቃኛ ቁልፎቹን ጥራት ይወቅሳል፤ ቁልፎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሐን ናቸው።

እጅ ምስክርነቱን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የግራ እጅ መዳፍ የአንገቱን ጀርባ ሲጨብጥ ውፍረቱንና ክበቱን፣ አውራ ጣት ቫርኒሹ የሚያጣብቅ ወይም የሚያንሸራትት መሆኑን፣ ትከሻም ክብደቱን ወዲያውኑ ያውቃሉ፤ እነዚህም ከዓመት በኋላ የማይለወጡ ባሕርያት ናቸው። በክላሲካል ጊታር የተማረ ሰው የመጀመሪያው ግርምቱ የአንገቱ ጥበትና የክሮቹ ቅጥነት ነው። በናይለን ክር የለመደውን ጉልበት ይዞ ሲጫን ክሩን ከፍሬቱ አልፎ ወደ እንጨቱ ስለሚገፋው፣ ጊታሩ በትክክል ተቃኝቶ ሳለ ኮርዱ ከቅኝት የወጣ ይመስላል። ፍሬት የሚባሉት በአንገቱ ላይ አግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ጣት ክሩን ከብረቱ ጋር ካገናኘ በኋላ የሚጨምረው ጉልበት ሁሉ ክሩን ከመሳብና ድምፁን ከማሾል በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከክላሲካል ለሚመጣው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋና ትምህርት መጫንን መማር ሳይሆን መተው ነው።

የክሩን ልስላሴ የሚወስኑት የክሩ ውፍረትና የርዝመቱ ልክ ናቸው። ተጫዋቾች የክር ስብስብን የሚጠሩት በቀጭኑ ክር ውፍረት ሲሆን፣ ዘጠኝ ሲሉ ቀጭኑ ክር የኢንች 9 ሺሕኛ፣ አሥር ሲሉ 10 ሺሕኛ ነው ማለታቸው ነው። ልዩነቱ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም፣ በአንድ ርዝመት ላይ ለአንድ ድምፅ ሲወጠሩ የአሥሩ ቀጭን ክር ከዘጠኙ ይልቅ ከ20 በመቶ በላይ ይከብዳል። ርዝመት ሲባል ደግሞ ከነት እስከ ብሪጅ፣ ማለትም እስከ ታችኛው የክሮች መደገፊያ ያለው ነው፤ በፌንደር ጊታሮች ላይ 648 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በብዙዎቹ የጊብሰን ጊታሮች ላይ ደግሞ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ ያው ክር በፌንደሩ ላይ 6 በመቶ ያህል ይጠነክራል። አንዱን ጊታር ገር፣ ሌላውን ግትር የሚያሰኘው ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ገዢው የእንጨቱ ዓይነት ይመስለዋል።

እጅ ከሚያገኛቸው እንከኖች መካከል የሚታረሙትን ከማይታረሙት መለየት ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ክሮቹ ከፍሬቶቹ በላይ ያላቸው ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ ሲለካ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ተጫዋች ይስማማል፤ ከዚያ ከበለጠ ጣት ይደክማል፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ክሩ ፍሬቶቹን እየነካ ይንሿሿል። ይህ ከፍታ በብሪጁ ላይ ባሉ ትንንሽ ብሎኖች የሚስተካከል ሲሆን፣ የአንገቱ ቀጥነት ደግሞ ትረስ ሮድ በሚባል፣ በአንገቱ ውስጥ በረጅሙ በተቀበረ የብረት ዘንግ ይታረማል፤ ዘንጉ ሲጠብቅ የክሮቹን ስበት ይቋቋማል፣ ሲላላ አንገቱ ወደ ክሮቹ እንዲጎብጥ ይፈቅዳል። ፋብሪካዎች እነዚህን ነገሮች ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ቢያስተካክሉም፣ እንጨት አየሩን ተከትሎ እርጥበት የሚስብና የሚተፋ ስለሆነ ልኩ በጉዞ ላይ ይለወጣል። ዛሬ በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ ጊታሮች በኢንዶኔዥያና በቻይና ይሠራሉ፤ ከእርጥበታማ አገር ተነሥቶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ በበጋ ወራት የደረሰ ጊታር ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ ከርዝመቱ ይልቅ በወርዱ ስለሚኮማተር፣ ብረት ግን ስለማይኮማተር፣ የፍሬቶቹ ጫፎች ከአንገቱ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ይላሉ፤ እጅ በአንገቱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስም እንደ ሞረድ ይቧጥጣሉ። ይህን ልምድ ያለው ሠራተኛ በቀጭን ሞረድ ያለሰልሰዋል። የተጠማዘዘ አንገት ወይም የተሰነጠቀ የአንገት መገጣጠሚያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ያለው ጊታር ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ሳይዘገይ ወደ ሻጩ መመለስ አለበት።

ጊታሩ ሲሰካ የጆሮ ተራ ይመጣል፤ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ከአሜሪካ ከጊታሩ ጋር አምፕሊፋየርም ከመጣ፣ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ከጀርባው የተጻፈው ቮልቴጅ ነው፤ ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕሊፋየር ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ሳይገባለት በኢትዮጵያ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ የመጀመሪያው ድምፁ የፊውዝ መቃጠል፣ ሽታውም የጎማ ጭስ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰላም ካለፈ ደግሞ ማንም ክር ሳይነካ አንድ ወፍራም ውምታ ክፍሉን ይሞላዋል። ብዙ አዲስ ገዢዎች በዚህ ይደነግጣሉ፤ ይሁን እንጂ ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ የክሩን ንዝረት እንደሚሰማ ሁሉ በግድግዳው ውስጥ በሚያልፈው የመብራት መስመር ዙሪያ ያለውንም መስክ ይሰማል፤ ይህም በኢትዮጵያና በአውሮፓ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ተጫዋቹ ወንበሩን ይዞ ቀስ እያለ ቢዞር ውምታው በአንድ አቅጣጫ ሲያይል፣ በሌላው ሲከስም ይሰማዋል፤ እጁን በክሮቹ ላይ ሲያሳርፍም ከውምታው ጋር ከሚሰማው ስርቅርቅታ ብዙው ይጠፋል፣ ክሮቹ በብሪጁ በኩል ከመሬት መስመሩ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ። እጅ ሲነሣ ጩኸቱ የሚብስ፣ እጅ ሲያርፍ የሚቀንስ ከሆነ የጊታሩ መስመር በትክክል እንደተያያዘ ምልክት ነው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ይህን ውምታ ለማጥፋት ሁለት ጥቅልሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምሮ፣ ከውጭ የሚመጣው ጩኸት እርስ በርሱ እንዲጣፋ፣ የክሩ ድምፅ ግን እንዲደመር አደረገ፤ ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ ይህ ነው። ድምፁ ወፈር፣ ደምደም ያለ በመሆኑ ሁሉም አይመርጠውም፤ ውምታውን ታግሦ የነጠላውን ጥቅልል ጥራት የሚሻ ተጫዋች ዛሬም ብዙ ነው።

በብዙ ቤትና በብዙ አዳራሽ ግን የጊታር አምፕሊፋየር የለም፤ ያለው ለድምፅ ማጉያ፣ ለኪቦርድ ወይም ለሙዚቃ ማጫወቻ የተዘጋጀ ሚክሰርና ትልቅ ስፒከር ነው። ጊታሩ በቀጥታ እዚያ ላይ ሲሰካ ሁለት ተቃራኒ ቅሬታዎች ይሰማሉ። አንደኛው ድምፁ በጨርቅ የታፈነ ያህል ደበዘዘ የሚል ነው፤ ፒክአፕ ደካማ ምንጭ በመሆኑ አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል መቋቋም ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰር መግቢያዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሺሕ ወይም በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ኦም ብቻ ስለሆኑ ቀጫጭኑን ድምፅ ውጠው ያስቀራሉ። ሁለተኛው ቅሬታ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ፔዳል፣ ሲጨመር የሚመጣ ሲሆን፣ ይህም የጊታር ስፒከር በተፈጥሮው ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ እያዳከመ የሚያሰማ መሆኑን፣ የሙዚቃ ማጫወቻ ስፒከር ግን ሁሉንም አሾልኮ እንደሚያወጣ ካለማወቅ የሚነሣ ነው፤ በጊታር ስፒከር የሚጥመው ሻካራነት በሌላው በኩል ሲወጣ እንደ ዝንብ መንጋ ይነዛል። በሁለቱም ጊዜ የሚወቀሰው ጊታሩ ነው።

ቮሊዩምም እንዲሁ ይዋሻል። በ1933 የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙን ድምፅ በሚገባ አይሰማም፤ ድምፁ ሲጨምር ግን ወፍራሙም ይሞላል። መደብር ውስጥ ጮክ ብሎ የተሞከረ ጊታር ሙሉና ባለ ግርማ ሆኖ ሲሰማ፣ ያው ጊታር ማታ ጎረቤት እንዳይነቃ ተቀንሶ ሲመታ የቀጠነና የከሳ መስሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ለመሣሪያው ድምፅ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ በአንድ ዓይነት ቮሊዩም መስማት አለበት፤ መደብሮች ግን፣ በሻጭ ዓይን ሲታይ በሚገባ ምክንያት፣ እምብዛም ዝቅ አያደርጉትም።

የተለያዩ የድምፅ ጠባዮችን የሚሰጠው መቀያየሪያ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በስትራቶካስተር ላይ ሦስት ፒክአፖች አሉ፤ ከብሪጁ አጠገብ ያለው የሚቆረጥ፣ ከአንገቱ አጠገብ ያለው የከበበና የለሰለሰ ድምፅ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ክር በጫፉ ላይ ቀጫጭን ንዝረቶቹ፣ ወደ መካከሉ ሲጠጋ ዋናው ንዝረቱ ያይላሉ። መቀያየሪያው መጀመሪያ ሦስት ማቆሚያ ብቻ ነበረው፤ ተጫዋቾች ግን በሁለት ማቆሚያዎች መካከል በጥንቃቄ ሲያስቀምጡት ሁለት ፒክአፖች አብረው እንደሚሠሩና ጎድጎድ ያለ፣ ለየት ያለ ድምፅ እንደሚወጣ አገኙ፤ ፋብሪካው ባለ አምስት ማቆሚያውን ያቀረበው ይህ ልማድ ከተስፋፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1977 ነው። ዕቃው ከሠሪው ይልቅ በተጠቃሚው እጅ ምን ያህል እንደተቀረጸ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ኢትዮጵያዊ ተጫዋች አዲሱን ጊታር ሲፈትን የሚጫወተው ነገር ፈተናውን ያከብደዋል፣ ያጠራዋልም። ጊታር ኦክታቭን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍላል፤ ክራር ግን ለተፈለገው ቅኝት በጆሮ ስለሚቃኝ፣ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ ከዘፋኙ ጋር እንዲስማማ አድርጎ በፈለገበት ቦታ ያቆመዋል። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተብሎ ሲጻፍ በጊታር ላይ ያለ ብዙ ችግር ይገኛል፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ተብሎ የሚጻፈው አንቺሆዬ ግን በክራርና በማሲንቆ ሲመታ ድምፆቹ ከፍሬቶቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም የሚገኝበት ትውልድ ያለፈበት ጎዳናም ይህን መሣሪያ ለኢትዮጵያ ዜማ ማስገበር ነበር። ፈጣን ሩጫ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ በዝግታ የሚወርድ፣ በየድምፁ ላይ የሚቆይ ትዝታ ግን በታችኛው ፍሬት ላይ የተያዘው ድምፅ ከ12ኛው በላይ ከተያዘው እጥፉ ጋር መስማማቱን ገሃድ ያወጣል። ሳይስማሙ ሲቀሩ እንከኑ ብዙ ጊዜ የብሪጁ ነው፤ ክር ሲጫኑት ስለሚሳብ ድምፁ ጥቂት ይሾላል፣ ይህን ለማካካስም በብሪጁ ላይ ያሉት የየክሩ መቀመጫዎች ወደኋላና ወደፊት እየተገፉ ርዝመቱ ይስተካከላል፤ የስድስቱ መቀመጫዎች መስመር ሰያፍ ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ከፍሬቶቹ መካከል ያለውን ድምፅ ለማግኘት ተጫዋቹ የቀረው መንገድ ክሩን በጣቱ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ ይህም ድምፅን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም፤ ስለዚህ ከፍሬቱ ዝቅ ያለ ድምፅ የፈለገ ሰው ከአንድ ፍሬት በታች ተነሥቶ ሽቅብ ይገፋል። ስትራቶካስተር የያዘ ገዢ እዚህ ላይ ማንም ያልነገረውን ነገር ያገኛል። የዚህ ጊታር ብሪጅ ድምፅን በእጀታ ለማወዛወዝ ሲባል በስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ አንዱ ክር ሲገፋ ብሪጁ ወደፊት ይሳብና የቀሩት አምስቱ ክሮች ዝቅ ይላሉ። በክራር ልማድ አንድ ክር ሳይያዝ እያስተጋባ በሌላው ላይ ዜማ የሚያስኬድ ሰው፣ ዜማውን ባሳመረ ቁጥር ማስተጋቢያው ክር ከሥሩ ሲንሸራተት ይሰማዋል። ኤሪክ ክላፕተንን ጨምሮ እጀታውን የማይፈልጉ ብዙ ተጫዋቾች የጀርባውን ክዳን ይከፍቱና ስፕሪንጎቹን አጥብቀው፣ በብሪጁ ብረትና በእንጨቱ መካከል ተለክቶ የተቆረጠ ቁራጭ እንጨት ወትፈው ይዘጉታል።